ሎድ ማሟያ ተብሎ የጥበባት ትምህርት ለተሰጣችሁ መምህራን

መስከረም ላይ የክፍለ ጊዜ ድልድል ሲወጣ ሁሌ የሚያጋጥም ነገር አለ። የአንዱ መምህር ሎድ፣ ማለትም በሳምንት የሚያስተምረው የክፍለ ጊዜ ብዛት፣ ትንሽ ይጎድላል። «እንግዲህ አንተ የክወናና ዕይታ ጥበባትን ያዝልን» ይባላል። መምህሩ ሥዕል አልተማረ፣ ሙዚቃ አልተማረ። መጽሐፉን ይቀበላል፣ ቦርሳው ውስጥ ይከታል፣ ክፍለ ጊዜው ሲደርስ ሰሌዳው ላይ አበባ ይሥልና «ይህን ገልብጡ» ይላል። ልጆቹ ይገለብጣሉ። ደወል ይደወላል። እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመቱ ያልቃል።

ይህን የምጽፈው ለዚያ መምህር ነው። እኔም ጅማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይህንኑ ትምህርት ነው የማስተምረው። የሥዕል ክፍል የለንም። ቧንቧው ያለው ግቢው ጥግ ነው። ክፍሉ ጢም ብሎ ይሞላል፤ አንድ ዴስክ ላይ ሦስትም አራትም ሆነው ይቀመጣሉ። ለቀለም መግዣ የተያዘ በጀት የለንም። ሥራው ግን ይሠራል። እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት በአንድ ነገር እንስማማ። ሥዕል፣ መዝሙርና ድራማ ለወላጆች በዓል ማድመቂያ አይደሉም። እጃቸው ለተፍታታ አምስትና ስድስት ልጆች ብቻም የተሰጡ አይደሉም። ክፍሉ ውስጥ ያለ ልጅ ሁሉ በየሳምንቱ አንድ ነገር በዓይኑ አስተውሎ በእጁ ይሥራ። ይቺን ከያዛችሁ ሌላው እየሠራችሁ የምትደርሱበት ነው።

ክፍለ ጊዜዋን አታስነኩ

ፈተና ሲቃረብ መጀመሪያ የምትወሰደው የእኛ ክፍለ ጊዜ ናት። «ሥዕል ምን ያደርጋል፣ ሒሳብ ይከለስበት» ይባላል። ይህን ለመከላከል ጊዜው ሰኔ ሳይሆን መስከረም ነው። ፕሮግራሙ ከመለጠፉ በፊት የመምህራኑ አስተባባሪ ወደ ሆነው ዩኒት ሊደር ሂዱ። ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ዓርብ የመጨረሻዋ ክፍለ ጊዜ አትሰጠን በሉ፤ ያን ሰዓት የልጁም የመምህሩም ልብ ቤት ነው። ሁለተኛ፣ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ካላችሁ ተያይዘው ይሁኑ። 40 ደቂቃ ወረቀት አድሎ፣ ውሃ አምጥቶ፣ ሠርቶ፣ አጥቦ ለመጨረስ አይበቃም። የተያያዙ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ግን ብዙ ያሠራሉ።

አንድ ባልደረባ ክፍለ ጊዜያችሁን ከጠየቃችሁ አትጣሉ። «እሺ፣ ግን የሚቀጥለው ሳምንት ያንተን ትሰጠኛለህ» በሉትና ዩኒት ሊደሩ ፊት ጻፉት። ብድሩ ከተጻፈ ጠያቂው ይቀንሳል።

በርጩማውን ጠረጴዛ ላይ አውጡት

የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ይሁን። ሰሌዳ ላይ ምንም አትሣሉ። አንድ የጅማ በርጩማ ፈልጉ። እዚህ ከተማ ውስጥ በርጩማ ለመዋስ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የጥበቃው ቤት እንኳ አይጠፋም። ሦስት እግር ያለውን፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣውን፣ ሚስማር ያልነካውን ምረጡ። የመምህሩ ጠረጴዛ ላይ አውጡትና ጠረጴዛውን ወደ መሃል ጎትቱት።

እርሳስ አይነሳ። መጀመሪያ ማየት ነው። ጠይቋቸው፦ መቀመጫው ክብ ነው? ሁሉም «ክብ ነው!» ይላሉ። እንግዲያው ተነሱና ከላይ እዩት በሏቸው። በተራ ይምጡ። ከላይ ሲያዩት ክብ ነው። ተመልሰው ቦታቸው ሲቀመጡስ? ጠፍጠፍ ብሏል፤ ጎኑ ረዝሟል። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ደግሞ ጭራሽ ቀጭን መስመር ነው የሚታየው። አሁን በእግሮቹ መሃል ያለውን ክፍት ቦታ አሳዩአቸው። ያ ክፍት ቦታ ምን ቅርጽ አለው? እግሩን ከመሣል ክፍቱን መሣል ይቀላል፤ ብዙ ልጅ እዚህ ጋ ይነቃል።

ከዚያ ይሣሉ። አብዛኞቹ መጀመሪያ የሚሥሉት ሙሉ ክብና ከሥሩ በአንድ መስመር የተደረደሩ ሦስት እንጨቶች ነው። አትሳቁ፣ አታርሙ፣ እርሳሱን ከእጃቸው ወስዳችሁ አትሣሉላቸው። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ «ላንተ ቅርብ የሆነው የትኛው እግር ነው?» ቅርቡ እግር ወረቀቱ ላይ ዝቅ ብሎ መውረድ አለበት። ልጁ ይህን ራሱ ካየው በርጩማው ድንገት መሬት ይረግጣል። ያኔ ፊቱን እዩት።

አንድ ጊዜ ከኋላ የሚቀመጥ፣ ብዙም የማይናገር ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ሦስተኛው እግር አይታየኝም፤ ልሣለው?» አለኝ። «የምታየውን ሣል» አልኩት። ባለ ሁለት እግር በርጩማ ሠራ። ጎኑ ያለው ልጅ «በርጩማ እኮ ሦስት እግር ነው!» ብሎ ተነሳበት። እሱም «ከዚህ ሆኖ አይታይም!» ብሎ ድርቅ አለ። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ቦታ አቀያየርኳቸው። የተከራከረው ልጅ እዚያ ተቀምጦ አየና ዝም አለ። የሚያውቁትንና የሚያዩትን መለየት ለነዚያ ልጆች በዚያች ደቂቃ ገባቸው። ይህን በንግግር ላስረዳ ብል አንድ ሴሚስተር አይበቃኝም።

ሌላው፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላጲስ ይሰብሰብ። የተሳሳተው መስመር ይቆይ፤ ትክክለኛው ከጎኑ ይሠመር። ላጲስ ያለው ልጅ ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ሲያጠፋ ይውላል፤ ወረቀቱም ይቀደዳል።

በዚያው ሳምንት የሒሳቡን መምህር ጥሩት። አራት እግር ያለው ወንበር ያልተስተካከለ ወለል ላይ ይነቃነቃል፤ ባለ ሦስቱ በርጩማ ግን አይነቃነቅም። ለምን? ሦስት ነጥቦች ሁልጊዜ በአንድ ጠለል፣ ማለትም በአንድ ዝርግ ገጽ፣ ላይ ይውላሉ፤ አራተኛው ግን ከዚያ ጠለል ሊወጣ ይችላል። የጅማ ፈልፋዮች ይህን በእጃቸው ያውቁታል። ልጆቹ ወንበሩንና በርጩማውን እያነቃነቁ ሲማሩት ጂኦሜትሪ የሚዳሰስ ነገር ይሆናል። እኛ ትምህርት ቤት የሒሳቡ መምህር ከዚህ በኋላ ክፍለ ጊዜዬን መጠየቅ ትቷል፤ እንዲያውም በርጩማውን ይዋሰኛል።

ከቻላችሁ በርጩማ የሚፈለፍል ባለሙያ ጋብዙ። መጥረቢያውንና መሮውን ይዞ፣ ግማሽ የተፈለፈለ የዋንዛ ግንድ ይዞ ይምጣ። ግቢ ውስጥ ይቀመጥ፣ ልጆቹ ይክበቡት። ስለ ውሎ አበሉ አስቀድማችሁ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተነጋገሩ፤ ባለሙያን ጠርቶ ባዶ እጁን መስደድ ነውር ነው።

ቀለም ከጓዳ ነው

ጅማ ተቀምጦ ቀለም የለም ማለት አይቻልም። ቡና አለ። ከጀበና የተረፈውን አተላ ልጆቹ በፕላስቲክ ጠርሙስ ከቤት ያምጡ። እናንተ ቤት አፍልታችሁ እስኪወፍር አክስሉት፤ በነጠላ ጨርቅ አጥልሉት። ካልተጠለለ ደቃቁ ወረቀቱ ላይ ይቋጥራል። ከዚያ ሦስት ቦታ ክፈሉት። አንዱን ምንም ውሃ ሳትጨምሩ ተዉት። ሁለተኛውን በእኩል ውሃ አቅጥኑት። ሦስተኛውን እጅግ አቅጥኑት። የእኔ ተማሪዎች ወፍራሙን አቦል፣ መካከለኛውን ቶና፣ ቀጭኑን በረካ ይሉታል። «ቲቸር፣ ጥላው በቶና ነው በአቦል?» ሲሉኝ ገና በደንብ ያላስተማርኳቸውን የብርሃንና ጥላ ትምህርት ይዘውታል ማለት ነው። ሥራው ከበረካ ይጀመራል፣ ሲደርቅ ቶና ይደረባል፣ አቦል መጨረሻ ላይ ለጨለማው ቦታ ብቻ ይነካል። ቀድሞ አቦል ያፈሰሰ ልጅ መመለሻ የለውም። ቡናው ከጥቂት ቀን በላይ ከቆየ ይሻግታል፤ ስለዚህ ለሳምንቱ የሚበቃውን ብቻ አዘጋጁ።

ለቢጫ እርድ አለላችሁ። ዱቄቱን በጥቂት ሙቅ ውሃ በጥብጡ። በዚህ ላይ ልጆቹን የሚያስደንቅ ነገር አለ፦ የልብስ ሳሙና የሟሟበት ውሃ ጠብ ሲደረግበት ቢጫው ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። ሎሚ ሲጨመቅበት ይመለሳል። ይህን የሳይንሱ መምህር ለአሲድና ቤዝ ይጠቀምበታል፤ እኛ ከአንድ ቅመም ሁለት ቀለም አገኘንበት። እርድ ፀሐይ ላይ ሲቆይ እንደሚነጣ ንገሯቸው፤ ያለዚያ መስኮት ላይ የለጠፈው ልጅ ያዝናል።

ለጥቁር ከሰል ነው። የምድጃው ከሰል ግን ወፍራምና ጠንካራ ስለሆነ ወረቀት ይቧጭራል። የሚሻለው ይህ ነው፦ እርሳስ የሚያህሉ ደረቅ ጭራሮዎችን የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ክዳኑን ግጠሙ። ክዳኑ ላይ በሚስማር አንድ ቀዳዳ ይኑር። እሳት ላይ ጣዱት። በቀዳዳው ጭሱ መውጣት ሲያቆም አውርዱት፤ ፍጹም ሳይቀዘቅዝ አትክፈቱ። ትኩሱን ከከፈታችሁት አየር ይገባና ይነድዳል። ይህን የሚሠራው አዋቂ ነው፤ ለልጅ አይሰጥም።

ብሩሽ? መፋቂያ። ጅማ መርካቶ የምትገዙት ተራ መፋቂያ ጫፉ ሲታኘክ እንደ ብሩሽ ይበተናል። ሁሉም የራሱን ያኝክ፤ የአንዱን ለአንዱ አታስይዙ።

ወረቀት ከሉክ ይልቅ ከፎቶ ኮፒ ቤቶች ይገኛል። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ያሉት ቤቶች በየቀኑ የተበላሸ ወረቀት ይጥላሉ፤ አንድ ጎኑ ንጹሕ ነው። «ለትምህርት ቤት ነው» ካላችሁ በካርቶን ያስቀምጡላችኋል። የድሮ ፈተና ጀርባም ይሆናል፤ የልጆች ስምና ውጤት የሌለበት መሆኑን ግን አረጋግጡ። የሲሚንቶ ከረጢት ከውስጥ ያለው ቡናማ ወረቀት ደግሞ ተራግፎ ሲጠረግ ለከሰል የሚመስለው የለም።

ማጣበቂያ ከፈለጋችሁ አንድ ኩባያ የስንዴ ዱቄት በአንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ ጓል እስኪያጣ በጥብጡ። ሦስት ኩባያ የፈላ ውሃ እያማሰላችሁ ጨምሩበት። እሳት ላይ ትንሽ ሲቆይ ይያያዛል። ኮላ መግዛት አያሻም።

ስለ ብዛቱ

ብዙ ልጅ አለኝ ብላችሁ እጅ አትስጡ። በቡድን አስቀምጡ፤ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ልጅ ወረቀት የሚያድል፣ አንድ ልጅ ቀለም የሚያመጣ፣ አንድ ልጅ የሚሰበስብ ይሁን። ኃላፊነቱ በየሳምንቱ ይዙር። ውሃ የምትቀዳው ሁልጊዜ ሴት ልጅ እንዳትሆን ተጠንቀቁ፤ ካላስተዋላችሁት በራሱ እንደዚያ ይሆናል። ደወሉ ሊደወል 10 ደቂቃ ሲቀረው ሁሉም እጅ ከወረቀት ይነሳ። ቀጥሎ የሚገባው መምህር ቀለም የፈሰሰበት ዴስክ ካገኘ ለሥዕል ትምህርት ጠላት አፈራችሁ ማለት ነው።

ደግሞ ዝናቡን ተጠቀሙበት። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ማንም መምህር ማስተማር አይችልም፤ ድምፅ አይሰማም። ለሥዕል ግን ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም። ልጆቹ በፀጥታ አቀርቅረው ይሠራሉ።

ዜማው ልጆቹ አፍ ላይ አለ

ለሙዚቃው ክፍል መሣሪያ የለንም ብላችሁ ምዕራፉን አትዝለሉ። መጀመሪያ ከልጆቹ ጀምሩ። የቤት ሥራው ይህ ነው፦ «እናትህን ወይም አያትህን ሕፃን ሲያባብሉ የሚሉትን ጠይቅ፤ ነገ ይዘህ ና።» ጅማ ውስጥ አንድ ክፍል በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በዳውሮኛ፣ በከፊኛ፣ በየምኛ የተባበለ ልጅ ሞልቶበታል። ያንን አንድ በአንድ ስትሰሙ ክፍሉ ይለወጣል። ቋንቋው ለማይገባው ልጅ ባለቤቱ ያስተምረው፤ ሌሎቹ በጭብጨባ ይቀበሉት። በክፍል ውስጥ አፏን የማትከፍት ልጅ በአያቷ ቋንቋ ስታዜም ሰምቻለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ እጇን ማውጣት ጀመረች።

የአምልኮ ዜማ ወደ ክፍል አላስገባም፤ የማንንም። መንዙማውም መዝሙሩም ክቡር ቦታ አለው፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍል ግን የሁሉም ነው። የጨዋታ፣ የሥራ፣ የማባበያ ዜማ ብቻ ሞልቶ ይተርፋል።

ቅኝት ማስተማር ስትፈልጉ አምስት ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ ይበቃችኋል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ የሚባሉት አራቱ ቅኝቶች እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። ሜጀር ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ስልካችሁ ላይ ነፃ የድምፅ ማስተካከያ አፕ ጫኑ። ጠርሙሱን በማንኪያ እየመታችሁ ውሃ ጨምሩ ወይም ቀንሱ። ውሃው ሲበዛ ድምፁ ይወፍራል፣ ሲቀንስ ይቀጥናል። ልኩ ሲገኝ ውሃው ያለበትን በፕላስተር ምልክት አድርጉበት፤ የሚቀጥለው ሳምንት ከዜሮ አትጀምሩም። አምስት ልጅ አምስት ጠርሙስ ይያዝ፤ አንድ ልጅ በጣቱ እየጠቆመ ይምራ። ክራር የሚጫወት ሰው ሰፈራችሁ ካለ ደግሞ አምጡት፤ ያንኑ አምስት ድምፅ ክሩ ላይ ሲሰሙት ይለዩታል።

ድራማ

ስለ ድራማ አጭር ልበል። የትምህርት ቤት ድራማ ሁሌ «ትምህርት ሰጪ» መሆን አለበት ተብሎ ልጆቹ መድረክ ላይ ቆመው ምክር ሲያነቡ ይውላሉ። ያ ድራማ አይደለም። በቦኖ ወረፋ ጀምሩ። ሁለት ልጅ፣ ሁለት ጀሪካን። የአንዷ ጀሪካን ከተራው ተገፍቷል። ሌላዋ ቤት የታመመ ሰው አላት፣ መቸኮሏ ነው። ሁለት ደቂቃ ይጫወቱት። ጽሑፍ የለም፣ ተራኪ የለም። ሲጨርሱ ሚና ይቀያየሩና ድገሙት። ተገፊዋ ገፊ ስትሆን የምትናገረውን ስሙ፤ ሌላ ሰው ሆና ትመጣለች። አማርኛና አፋን ኦሮሞ ካቀላቀሉ ተዉአቸው፤ ቦኖ ላይም የሚነገረው እንደዚያው ነው። ጥሩ የወጣውን ሚኒ ሚዲያ ላይ አቅርቡት፤ ከሰልፍ በኋላ ሁለት ደቂቃ ማግኘት አይከብድም።

«ልጄን ለሥዕል አልላክሁትም» የሚሉ ወላጆች

ይመጣሉ፤ በአክብሮት ስሟቸው። አንድ አባት ቢሮ ድረስ መጥተው «መምህርት፣ ልጄ ቡና ሲቀባ ነው የሚውለው አሉ» አሉኝ። «አባባ፣ ይቀመጡ፤ ደብተሩን አብረን እንየው» አልኳቸው። የልጃቸውን የቡና ቅርንጫፍ ሥዕል አሳየኋቸው። ልጁ ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት እንደሚበቅሉ፣ ፍሬው አንጓው ላይ ተሰብስቦ እንደሚይዝ፣ የቅጠሉ ጠርዝ ሞገድ ሞገድ እንደሚል ሁሉ አውጥቶታል። እሳቸው ቡና ያላቸው ሰው ናቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። «ይቺ ቅጠል ታማለች» አሉ በመጨረሻ፤ ልጁ ቅጠሉ ላይ ያለውን ነጥብ ሳይቀር ሥሎት ነበር። ልጁም ያን ቅጠል ከየትኛው ዛፍ እንዳመጣው ነገራቸው። ከዚያ ወዲያ የመጡት አተላ በጀሪካን ይዘው ነው።

ሰው መሣል በእምነታችን አይፈቀድም የሚሉ ቤተሰቦች አሉ። ሰው መሣል ግዴታ እንዳይሆን ከመስከረም ጀምራችሁ አሳውቁ። በርጩማ አለ፣ የስፌት ጥለት አለ፣ ቅጠል አለ፣ የቤት ጣሪያ አለ። ዓመት ሙሉ ሰው ሳይሥል መስመርን፣ ጥላንና ቀለምን የሚማር ልጅ ምንም አይጎድልበትም።

«ሥዕልና ሙዚቃ እንጀራ አይሆንም» የሚሉ ደግሞ አሉ። ለነሱ የሙላቱ አስታጥቄን ነገር አነሳላቸዋለሁ። ሙላቱ እ.ኤ.አ. በ1943 የተወለደው እዚሁ ጅማ ነው። ቤተሰቡ ወደ ዌልስ የላከው ምህንድስና እንዲማር ነበር። የሙዚቃ ዝንባሌው የወጣው እዚያ ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ ለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ ገባ፤ ቀጥሎ ቦስተን በርክሊ ተማረ፤ ዛሬ ዓለም የኢትዮ ጃዝ አባት ይለዋል። ልጃችሁ ሙላቱ ይሆናል አልላቸውም። ያ ትምህርት ቤት ለሙዚቃ ቦታ ባይሰጥ ኖሮ ያ ልጅ ምን እንዳለው ማን ያውቅ ነበር? ይህን ነው የምጠይቃቸው።

ወደ ጅሬን ከሄዳችሁ

ጅሬን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ብዙ የጅማ ልጅ ግን ገብቶ አላየውም። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤት ለሥዕል ክፍል ትልቅ መጽሐፍ ነው። የወላጅ ፈቃድና የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ አስቀድማችሁ ጨርሱ። ከደረሳችሁ «ቤተ መንግሥቱን ሣሉ» አትበሉ። ልጁ ግራ ይጋባል፤ ሳጥን ሠርቶ ጣሪያ ይጭንበታል። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ትንሽ ነገር ስጡ፦ የሰገነቱን የእንጨት መደገፊያ አንድ ክንድ የሚያህል፣ አንድ መስኮት፣ አንድ የበር ጥግ። 20 ደቂቃ ቁጭ ብለው ያንን ብቻ ይዩ። ክፍል ስትመለሱ ቁርጥራጮቹን ትልቅ የሲሚንቶ ወረቀት ላይ ገጣጥሙ። ከየቡድኑ እጅ የወጣ ቤተ መንግሥት ይቆማል። ትራንስፖርት ካልተገኘ ከተማ ውስጥ ያለው ሙዚየም አለላችሁ፤ እሱም ካልሆነ መርካቶ የስፌት ተራ ሂዱ። የስፌቱን ጥለት መቁጠር ብቻ አንድ ክፍለ ጊዜ ይሞላል።

ማርክ

ተከታታይ ምዘና ስለሆነ ማርክ መስጠት ግዴታ ነው። ውበቱን አትለኩ። እኔ ሦስት ነገር ነው የማየው። አንደኛ፣ ነገሩን አይቶት ነው የሠራው ወይስ ከጎኑ ገልብጦ? ሁለተኛ፣ ጀምሮ ጨርሷል? ሦስተኛ፣ ስለ ሥራው አንድ ነገር መናገር ይችላል? «እዚህ ጋ አስቸግሮኝ ነበር፣ እንዲህ አደረግሁት» ካለ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ልጅ ከሲሚንቶ ወረቀት የታጠፈ ማኅደር ይኑረው፤ ሥራዎቹ ሁሉ እዚያ ይግቡ። በመስከረም የሠራው በርጩማና በግንቦት የሠራው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ማርኩን ለወላጅ ማስረዳት አያስቸግርም።

ገመድ ወጥሩ

የካርድ ቀን ኮሪደሩ ላይ የልብስ ማስጫ ገመድ ወጥሩ። ከእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሥራ፣ ራሱ የመረጠውን። «ምርጥ ምርጡ ብቻ ይሰቀል» የሚል ይመጣል፤ ርዕሰ መምህሩም ሊሆን ይችላል። በትሕትና እምቢ በሉ። ካርድ ሊወስድ የመጣ ወላጅ መጀመሪያ የሚፈልገው የልጁን ነው፤ ገመዱ ላይ ካጣው የልጁ ፊት ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ከእያንዳንዱ ሥዕል ሥር ልጁ በራሱ እጅ አንድ መስመር ይጻፍ፦ ምን አይቶ እንደሠራው፣ የት ሆኖ እንዳየው። ወላጆቹ ሥዕሉን ካዩ በኋላ ያንን ቆመው ያነባሉ።

ገመዱ የሚወጠረው ጣሪያ ሥር ነው፤ ከሰዓት በኋላ ንፋስና ዝናብ ስለሚመጣ ከምሳ በፊት ይውረድ። የቡናው ሥራ እርጥበት ከነካው ይፈዝዛል፤ የከሰሉ ደግሞ እርስ በርሱ ይተሻሻል። ስለዚህ በመሃል የድሮ ጋዜጣ እያስገባችሁ ደርድሩ። ሥራዎቹን ለልጆቹ ከመመለሳችሁ በፊት የቻላችሁትን በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች የምታሳዩት ነገር ይኖራችኋል። ሥራዎቹን ግን መጋዘን አታስገቡ፤ ማኅደሩን ከነሥዕሉ ለባለቤቱ ስጡት፣ በዚያው ቀን ከካርዱ ጋር ይዞት ይሂድ።